የጊታር አምፕን ድምፅ ፋይል ውስጥ ማስገባት፦ የስፒከሩ ሳጥን ይግባ ወይስ ይቅር?

እስቲ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ያላችሁት ቸሃ ውስጥ ጀፎረ ላይ፣ በዚያ ሣር በለበሰ ሰፊ የመንደር መንገድ መሃል ከሆነ ጭብጨባው «ጧ» ብሎ ያልቃል፤ ተመልሶ የሚመጣ ነገር እምብዛም የለም። ያንኑ ጭብጨባ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ባዶ የሲሚንቶ አዳራሽ ውስጥ ብትደግሙት ግን ድምፁ ግድግዳና ጣሪያ እየመታ ይመላለሳል፣ ቀስ እያለም ይደክማል። እጁ ያው ነው፤ የተለየው ቦታው ነው። በጉራጌ ዘፈን ጭብጨባ ራሱን የቻለ መሣሪያ ስለሆነ ይህን ልዩነት ጆሯችሁ ድሮም ያውቀዋል። ዛሬ የምናየው ሳይንስ ከዚህች ጭብጨባ ብዙም አይርቅም።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ የአንድን የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር (ከዚህ በኋላ «አምፕ» እንበለው) ድምፅ ላፕቶፕ ውስጥ ማስገባት ይቻላል? ስለ ተራ ቀረጻ አይደለም የምናወራው። የተቀረጸ ዘፈን ያኔ የተጫወተውን ብቻ ነው መልሶ የሚያሰማን። የምንፈልገው ሌላ ነው፤ እናንተ ዛሬ የምትጫወቱትን አዲስ ዜማ፣ ያ አምፕ ቢያገኘው ኖሮ ይሰጠው የነበረውን ድምፅ የሚሰጥ ፋይል። ጥሩ የቫልቭ አምፕ ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሲበላሽም መለዋወጫው እንደልብ አይገኝም። እምድብር ላይ ጊታርና ላፕቶፕ ያለው ወጣት ግን ይህን ዓይነት ፋይል በነጻ አውርዶ ሊጫወትበት ይችላል። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው፤ ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል ማለት ነው።

ጊታሩን ስትመቱ ምን እንደሚሆን እንከተለው። ክሩ ሲርገበገብ ከሥሩ ያለው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል (ፒክአፕ የሚባለው) በጣም አነስተኛ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። አምፑ ያን ያጎላዋል። ስፒከሩ ደግሞ የአየር ንዝረት ያደርገዋል። ስፒከሩ የተገጠመው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ለጊታሩ የሚያደርግለት ነገር የክራር የድምፅ ሳጥን ለክሮቹ የሚያደርገውን ይመስላል። ክሮቹን ሳትነኩ ሳጥኑን ብትቀይሩት ሌላ ክራር ነው የምትሰሙት።

አምፑ ግን ሥራው ማጉላት ብቻ አይደለም። ቫልቭ (ድሮ ሬድዮ ውስጥ ቀላ ብሎ የሚበራው የመስታወት ዕቃ) የሚያወጣው ቮልቴጅ ጣሪያ አለው። ሲግናሉ ጣሪያውን ሲነካ የሞገዱ ጫፍ ይጠፈጠፋል። ዲስቶርሽን የምንለው ይሄ ነው፤ ያ የሚያጉረመርመው የሮክ ጊታር ድምፅ። ሞገዱ ሲጠፈጠፍ ደግሞ ቀድሞ ያልነበሩ ድምፆች ይወለዳሉ። አምስተኛው ክር በሰከንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል፤ 110 ኸርዝ። ከሱ ጋር ወደ 165 ኸርዝ የሚጠጋ ኖታ አብራችሁ ምቱ። ከአምፑ ሁለቱ ብቻ አይወጡም፤ ድምራቸው 275 እና ልዩነታቸው 55 ኸርዝም አብረው ይወጣሉ። 55 ኸርዝን እኮ ማንም አልመታውም! አምፑ ነው የፈጠረው።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና እንስጥ። ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ስትልኩ የሚወጣው ነገር ለየብቻ ብትልኳቸው ከሚወጡት ድምር ጋር እኩል ነው? እኩል ከሆነ ዕቃው «ሊኒየር» ይባላል። አምፑ ፈተናውን ይወድቃል፤ 55 ኸርዟ ምስክር ናት። ስፒከሩና ሳጥኑ ግን ከልክ በላይ እስካልተጮኸባቸው ድረስ ያልፋሉ ማለት ይቻላል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሊኒየር የሆነን ነገር ለመያዝ አንድ ጭብጨባ ይበቃል። ኮምፒውተር ድምፅን የሚያየው በሰከንድ ለምሳሌ 48 ሺህ ቁጥሮች አድርጎ ነው። እያንዳንዷን ቁጥር እንደ አንዲት ጥቃቅን ጭብጨባ ቁጠሯት። ሳጥኑ ለአንድ ጭብጨባ የሚሰጠውን ምላሽ ካወቃችሁ፣ ለትልቋ ቁጥር ትልቅ፣ ለትንሿ ትንሽ ምላሽ እየሰጣችሁ፣ በየተራቸው እያስከተላችሁ ትደምራላችሁ፤ አለቀ። ሒሳቡ ኮንቮሉሽን ይባላል፤ የምላሹ ፋይል ደግሞ ኢምፐልስ ሪስፖንስ፣ በአጭሩ አይአር። ለጊታር ሳጥን ብዙ ጊዜ 2,048 ቁጥሮች ይበቃሉ፤ 43 ሚሊሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። በተግባር እርግጥ አይጨበጨብም፤ የጭብጨባ ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት በስፒከሩ ይለቀቅና በማይክራፎን ይቀረጻል፣ ምላሹም በሒሳብ ይወጣል።

አምፑን ግን በጭብጨባ አትይዙትም። ለረጋ ጭብጨባ የሚሰጠው መልስና ለጠንካራው የሚሰጠው መልስ በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይለያያል። ስለዚህ መማር የሚችል ነገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. 2016 ዲፕማይንድ የሰውን ንግግር ለማመንጨት ዌቭኔት የተባለ ኒውራል ኔትወርክ ይፋ አደረገ፤ ያው ሐሳብ ዛሬ ለአምፕ ይሠራል። ስቲቨን አትኪንሰን የጀመረው ኒውራል አምፕ ሞዴለር የተባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚሆን የተዘጋጀ ድምፅ በአምፑ ታሳልፋላችሁ፣ የወጣውን ትቀርጻላችሁ። ከዚያ ኔትወርኩ የገባውን እያየ የሚወጣውን ይገምታል፤ ሲሳሳት በውስጡ ያሉትን ከ10 ሺህ የሚበልጡ ቁጥሮች ትንሽ ትንሽ ያስተካክላል፤ እንደገና ይገምታል። የራሳችሁ ኮምፒውተር ደካማ ቢሆን በነጻ የሚገኙ የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች ላይ ማሠልጠን ይቻላል።

ልብ በሉ፤ ኔትወርኩ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ የገባውንም፣ የወጣውንም። ለኛ ሙዚቃ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መርካቶ ከጉራጌ ቤተሰብ የተወለደው ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያወጣውን «ኧረ መላ መላ» ስሙት፤ ባንዱ በዚያ ዘመን ራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው ነው። የጊታሪስቱን የሰላም ሥዩምን ድምፅ ወዳችሁ «ይሄንን አምፕ ከዘፈኑ ላይ ልያዘው» ብትሉ አይሆንም። በቀረጻው ላይ ያለው የወጣው ብቻ ነው፤ አምፑ፣ ሳጥኑ፣ ክፍሉ፣ ማይክራፎኑና ቴፑ ሁሉ አንድ ላይ ተቦክተው። ከክሩ የተነሳው ንጹሕ ሲግናል ለብቻው አልተቀመጠም። የዚያ ዘመን አምፖች የሆነ መጋዘን ውስጥ ካሉ ሊያዙ የሚችሉት እየሠሩ ሳሉ ብቻ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ያረጃል፣ ካፓሲተሩም ይደርቃል።

እንግዲህ ስንይዝ ሳጥኑን ጨምረን ነው ወይስ ትተን? ሳጥኑን ጨምራችሁ ከስፒከሩ ፊት ማይክራፎን ብትደቅኑ የሚገኘው ፋይል ወዲያው ይጫወታል፤ ሌላ ነገር አይፈልግም። ግን ሳጥኑም፣ የማይክራፎኑ ቦታም ለዘለዓለም አብረው ተቆልፈዋል። ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ባደርገው ኖሮ ብትሉ አልፏል። ሳጥኑን ትታችሁ ከያዛችሁ አምፑ በኔትወርክ፣ ሳጥኑ በአይአር ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ አንዱን አምፕ ከሃያ ሳጥን ጋር ማጋባት ትችላላችሁ። እኔ የምመርጠው ይሄኛውን ነው፤ በተለይ ለማይተካ አሮጌ አምፕ።

ታዲያ ሳጥን የሌለበትን ፋይል እንዲሁ በጆሮ ማዳመጫ ከሰማችሁት ትደነግጣላችሁ፤ የተቆጣ የንብ መንጋ ነው የሚመስለው። ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አጥብቆ ስለሚቀንስ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ድሮም ይቀር የነበረው እሱ ዘንድ ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ አይአር ጨምሩበት። ተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ ሳጥን ባለበት ፋይል ላይ ሌላ አይአር ደርበው ድምፁ ብርድ ልብስ የተከናነበ የሚሆንባቸው ብዙ ናቸው።

«ሳጥኑን ትቶ» ማለት ግን ገመዱን ነቅሎ ማለት አይደለም! ይህን ደግማችሁ አንብቡት። የቫልቭ አምፕ ስፒከር ሳይገጠምለት ከተጫወተ ጉልበቱ መሄጃ ያጣል፤ ቮልቴጁ ዘልሎ የውጤት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የአምፑን የስፒከር መውጫ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ወደተሰካው የድምፅ ካርድ ማስገባትም ካርዱን ይገድለዋል። ትክክለኛው መንገድ ስፒከሩን እንደተገጠመ ትቶ፣ ለስፒከር ጉልበት የተሠራ ዲአይ ቦክስ መሃል አስገብቶ ሲግናሉን ከዚያ መቀነስ ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። «8 ኦም» የተባለ ስፒከር ሁልጊዜ 8 ኦም አይደለም፤ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ተቃውሞው ይለዋወጣል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የቫልቭ አምፕ ደግሞ ይህ ይሰማዋል፣ አጨዋወቱንም ይቀይራል። ሳጥኑ በድምፅ ባይገባም በኤሌክትሪክ ገብቷል እንደማለት ነው። በስፒከር ፋንታ ተራ ሬዚስተር ገጥመው የያዙት ድምፅ ትንሽ የደረቀ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የአሮጌ አምፕን ክዳን ራሳችሁ አትክፈቱ። ውስጡ ብዙ መቶ ቮልት አለ፤ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሊይዙት ይችላሉ። ሥራውን ለሚያውቅ ቴክኒሻን ስጡት።

መብራቱም ከድምፁ ውስጥ አለበት። ከ220 ቮልት ወረድ ባለ ጊዜ የቫልቮቹም ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ዲስቶርሽኑ ቀደም ብሎ ይመጣል። በቀረጻው መሃል መብራቱ ከፍ ዝቅ ካለ ኔትወርኩ ሁለት አምፕ ያየ ይመስለዋል፤ ስለዚህ መብራቱ የረጋበትን ሰዓት ምረጡ። የምትይዙት አንድን የቁልፍ አቀማመጥ ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ቁልፉን ስታዞሩ ሌላ ፋይል ነው። የፋይሉ ስም ላይ የአምፑን ዓይነት፣ ቁልፎቹ ያሉበትን ቁጥር፣ የመብራቱን ቮልት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ከሳጥን ጋር» ወይም «ያለ ሳጥን» የሚለውን ጻፉበት።