ሚሲዮናዊ ቤተ ሰብ ከመሄዱ በፊት ስለሚሰበስበው ርዳታ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ተማሪዎች የሚሲዮናውያንን ቤት፤ መኪናና መድኃኒት ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። ብዙ ሰው መንግሥታቸው የሚከፍላቸው፤ ወይም በትውልዳቸው ባለጸጎች የሆኑ ይመስለዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ ቤተ ሰብ ባሕር ማዶ ከመሻገሩ በፊት ከአብያተ ክርስቲያናት ርዳታ የሚሰበስብበትን መንገድ ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር ጥንታዊ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ራሱን ይረዳ እንደ ነበረ የሐዋርያት ሥራ በ18ኛው ምዕራፍ ይናገራል። ሆኖም ከፊልጵስዩስ ምእመናን ስጦታ ተቀብሏል፤ ወደ እስፔን ለመሄድ ባሰበም ጊዜ የሮሜ ሰዎች በጕዞው እንዲረዱት ተስፋ ማድረጉን ጽፏል። ስለዚህ በገዛ እጅ ሥራ መኖርና በምእመናን ስጦታ መኖር ከጥንት ጐን ለጐን የነበሩ ናቸው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፤ በ1792 በእንግሊዝ አገር በኬተሪንግ ከተማ ጥቂት የባፕቲስት ሰባክያን ተሰብስበው የሚሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ ቀን ለመስጠት ቃል የገቡት ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበረ። በሚከተለው ዓመት ዊልያም ኬሪ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ቤንጋል ተጓዘ። የያዙት ገንዘብ ግን ብዙ ሳይቆይ ስላለቀ ኬሪ በ1794 በአንድ የሰማያዊ ቀለም ማምረቻ ኀላፊ ሆኖ ለመቀጠር ተገደደ። በዚያው ዓመት ፒተር የተባለው ትንሽ ልጁ ታሞ ሞተበት። ስንቁ ሳይሟላ የተነሣ ቤተ ሰብ ምን እንደሚያገኘው ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መንገዶች ታይተዋል። አንደኛው፤ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘባቸውን በአንድ ሣጥን አከማችተው ለሚሲዮናዊው ደመወዝ የሚከፍሉበት ነው። የአሜሪካ የደቡብ ባፕቲስቶች በ1925 ያቋቋሙት የኅብረት መዋጮ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው፤ ሃድሰን ቴይለር በ1865 ለቻይና ባቋቋመው ማኅበር የተከተለው ነው፤ ይኸውም ከሰው ገንዘብ ሳይለምኑ፤ የተቈረጠ ደመወዝም ሳይኖር፤ የመጣውን ተካፍሎ መኖር ነው። ሦስተኛው፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱን ረዳቶች ራሱ ፈልጎ የሚያገኝበት ሲሆን፤ ዛሬ በብዙ ማኅበሮች ዘንድ የሚሠራበት ይህ ነው።

የአሠራሩ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ማኅበሩ ባልና ሚስቱን መርምሮ ከተቀበለ በኋላ፤ ለሚሄዱበት አገር በጀት ያወጣል። በጀቱ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ለአውሮፕላን፤ ለዕቃና ለቤት ማደራጃ አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው በየወሩ የሚያስፈልገው ሲሆን፤ ምግብ፤ የቤት ኪራይ፤ የልጆች ትምህርት፤ የሕክምና ዋስትና፤ የቋንቋ ትምህርት፤ የጡረታ ቍጠባ፤ እንዲሁም ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሚቀነስ ድርሻ ይገኝበታል። ለምሳሌ ያህል የወሩ በጀት 5,000 ዶላር ቢሆንና አንድ ረዳት በአማካይ 50 ዶላር ቢሰጥ 100 ረዳቶች ያስፈልጋሉ ማለት ነው።

እነዚህን ለማግኘት ቤተ ሰቡ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል። አባትየው እሑድ በጉባኤ ፊት ይናገራል፤ እናትየው ለሴቶች ማኅበር ታስረዳለች፤ ልጆቹም በማያውቁት ሰው ቤት ያድራሉ። የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይታደላል፤ ፈቃደኞችም በየወሩ የሚሰጡትን ጽፈው ይፈርማሉ። የተስፋው ገንዘብ ከመቶ ስንት እንደ ደረሰ እየተቈጠረ፤ ብዙውን ጊዜ መቶው እስኪሞላ ወይም ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ማኅበሩ ጕዞውን አይፈቅድም። ይህም ከአንድ ዓመት በላይ መፍጀቱ የተለመደ ነው። ተስፋው ዕዳ ስላልሆነ ሰጪው ሥራ ቢያጣ ሊቋረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከሄደ በኋላም ደብዳቤ መጻፍ፤ ለዕረፍት ሲመለስም ዞሮ ማስረዳት አለበት።

ይህ መንገድ ጥቅም አለው፤ ሰጪና ተቀባይ በስም ይተዋወቃሉ፤ ሚሲዮናዊውም ስለ ሥራው ይጠየቃል። ጕድለቱ ግን ሁለት ይመስለናል። አንደበተ ርቱዕ የሆነው ቶሎ ይሞላለታል፤ ዝምተኛው ወይም ዘመዶቹ ድኆች የሆኑበት፤ ጥሪው እኩል ሆኖ ሳለ፤ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለተኛውና እኛን የሚነካን፤ የሰጪውን ልብ የሚያነሣሣ ደብዳቤ ስለ ረኀብና ስለ በሽታ የሚጽፍ መሆኑ ነው። ስለ ሕዝቡ የዳኝነት ሥርዓት፤ ስለ እርሻ ጥበቡና ስለ ሠርግ ዘፈኑ የሚጻፈው ጥቂት ነው። የተጻፈለት ሰው ያነበዋል፤ የተጻፈበት ሕዝብ ግን ብዙ ጊዜ አያየውም። እንግዲህ እነዚህን ደብዳቤዎች ለታሪክ ምርምር የምንጠቀም ተማሪዎች ለማን እንደ ተጻፉ ማስታወስ ይገባናል።

በአገራችንም የሚመዛዘን ምሳሌ አለ። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች በ1928 ወላይታ ገቡ፤ በ1937 የኢጣልያ አገዛዝ አስወጣቸው። ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ከ50 አይበልጡም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል ሆነው አገኟቸው። በእነዚያ ዓመቶች ከባሕር ማዶ የሚደግፋቸው ሚሲዮናዊ አልነበረም። ከዚያም በኋላ የወላይታ ምእመናን ከገዛ መዋጯቸው እየረዱ ወንጌላውያንን ወደ ሌሎች ሕዝቦች ልከዋል። ከዚህ እንደምንረዳው፤ መላክና መርዳት የባለጸጋ አገር ሥራ ብቻ አይደለም።

የእነዚያ ወንጌላውያን ቤተ ሰቦች ምን ይሰጣቸው እንደ ነበረ፤ ማንስ ይሰጥ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ከየአውራጃው የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ጠይቀን ብንጽፍ፤ ለዚህ መጽሔትም ሆነ ለመምህሮቻችን ጥናት የሚጠቅም ነገር እንደምናገኝ እናምናለን።