መብራቱ ጠፋ፣ አመዱ ቀረ

ከፍራንክፈርት ወደ ማንሃይም በሚሄደው ባቡር የተሳፈረ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቢብሊስ ይደርሳል። እዚያ ራይን ወንዝ ዳር ሁለት የኒውክሌር ማብላያዎች ነበሩ። የመጀመሪያው በ1974 ሥራ ጀመረ፤ ጃፓን ፉኩሺማ ላይ አደጋው ሲደርስ፣ በ2011፣ መንግሥት ሁለቱንም ዘጋቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አሁን እየፈረሱ ነው።

ማገዶ ሲነድ አመድ ይተርፋል። የኒውክሌር አመድ ግን ሜዳ ላይ አይደፋም፤ ጨረር አለው። ያገለገለው ነዳጅ «ካስቶር» በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ100 ቶን በላይ በሚመዝኑ የብረት በርሜሎች ታሽጎ እዚያው ቢብሊስ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ከ100 በላይ በርሜሎች አሉ። በ2020 እንኳን 6 ተጨማሪ በርሜሎች ከእንግሊዝ በመርከብና በባቡር መጥተዋል፤ ተቃዋሚዎችም ሰልፍ ወጥተዋል። የጀርመን ነዳጅ እዚያ ተጣርቶ የተረፈው ዝቃጭ ነውና ጀርመን መረከብ ነበረባት።

የመጋዘኑ ፈቃድ በ2046 ያበቃል። ከዚያስ? ሕጉ ዝቃጩን ለ1 ሚሊዮን ዓመት የሚይዝ ቦታ ከመሬት በታች ይፈለግ ይላል። ቦታው እስከ 2031 እንዲመረጥ ታስቦ ነበር፤ ፍለጋው ግን ከዚያ በብዙ ዓመታት እንደሚዘገይ ፈላጊው መሥሪያ ቤት ራሱ ተናግሯል። ኩባንያዎቹ በ2017 ወደ 24 ቢሊዮን ዩሮ ለመንግሥት ፈንድ ከፍለው ከዝቃጩ ኃላፊነት ወጥተዋል። መብራቱ 37 ዓመት በራ፤ ጥበቃው ለልጅ ልጆቻችንም ይተርፋል።

ሕዝቡን ያስቆጣው ዝቃጩ ብቻ አይደለም። በ1987 ቢብሊስ ውስጥ አንድ ቫልቭ ክፍት ቀርቶ ሠራተኞቹ የነቁት ከ15 ሰዓት በኋላ ነው። ሕዝቡ የሰማው ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ያውም ከአሜሪካ መጽሔት! እምነት አንዴ ከጠፋ በቀላሉ አይመለስም። ያም ሆኖ የመጨረሻዎቹ ሦስት ማብላያዎች በሚያዝያ 2023 ሲዘጉ «ባይዘጉ ይሻል ነበር» ያሉ ጀርመናውያን ብዙ ናቸው። ጋዝ ተወድዶ ነበር፤ ኒውክሌር ደግሞ እንደ ከሰል ጭስ የለውም።

ይህ እኛን ምን አገባን? አገራችንም በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮስአቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ተፈራርማለች። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ ስለሚመጣ፣ ዝናብ ሲጠፋ ሌላ ምንጭ መፈለጉ ክፋት የለውም። ግን አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። ባንግላዴሽ ከሩሲያ ጋር ስትዋዋል ያገለገለውን ነዳጅ ሩሲያ መልሳ እንድትወስድ ተስማምታለች። የእኛስ ውል ምን ይላል? አመዱን ማን ይወስዳል? ማንስ ይከፍላል? ስህተት ሲፈጠር በዚያው ቀን ማን ይነግረናል?

አገር ቤት ስንደውል ስለ መብራት መጥፋት ማውራታችን አይቀርም። እነዚህንም ጥያቄዎች እናንሣ። ጊዜያቸው አሁን ነው፣ ገና እሳቱ ሳይለኮስ።