ግንኙነቱ አለ፣ መንገዱ የለም

ሁለት ራውተሮች ተገናኝተዋል፤ ስክሪኑም «ኢስታብሊሽድ» ይላል። የአይፒቪ4 መንገዶች ይመጣሉ፤ ከአይፒቪ6 ግን አንድም የለም። ሁለቱን የአድራሻ ዓይነቶች ጎን ለጎን በሚያሠራ ኔትወርክ ውስጥ ባለሙያን በጣም የሚያደክመው ይህ ዓይነቱ ችግር ነው፤ ምክንያቱም ስህተት አለ የሚል መልእክት አይወጣም።

ራውተሮች የትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚገኝ የሚነጋገሩበት ቢጂፒ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሚያውቀው ባለ 32 ቢቱን የአይፒቪ4 አድራሻ ብቻ ነበር። ባለ 128 ቢቱ አይፒቪ6 ሲመጣ አዲስ ፕሮቶኮል አልተሠራም፤ በ1998 ማራዘሚያ ተጨመረለት። አንድ ግንኙነት ሁለቱንም ዓይነት መንገድ መሸከም ቻለ፤ የሚሸከመው ግን ሁለቱም ወገኖች ለእያንዳንዱ ለየብቻ ሲስማሙ ነው። በሲስኮ ራውተሮችና ኤፍአርአር በተባለው የራውተር ሶፍትዌር አይፒቪ4 ብዙውን ጊዜ ሳይታዘዝ ይሠራል፤ አይፒቪ6ን ግን ለይቶ ማብራት ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው፤ በሁለቱም በኩል።

ቀጥሎ ማጣሪያው ይፈተሻል። በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8212 የተባለው የኢንተርኔት መስፈርት ከውጭ ጎረቤት ራውተር ጋር ግልጽ ፖሊሲ ካልተጻፈ መንገድ እንዳይገባም እንዳይወጣም ይደነግጋል። የአይፒቪ4ን ማጣሪያ ጽፎ የአይፒቪ6ን የረሳ ሰው እዚህ ይያዛል። ኤፍአርአር በዚህ ጊዜ በመንገዶቹ ቁጥር ፋንታ «ፖሊሲ» የሚል ቃል ስለሚያሳይ ፍለጋውን ያሳጥራል።

ከሁሉ የሚረቀው የቀጣይ ጣቢያ አድራሻ ጉዳይ ነው። የአይፒቪ6 መንገዶች በአይፒቪ4 ግንኙነት ላይ ሲላኩ፣ ላኪው ራውተር ቀጣይ ጣቢያ አድርጎ ከራሱ የአይፒቪ4 አድራሻ የተቀዳ ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። ተቀባዩ መንገዱን ይመዘግባል፤ ወደዚያ ቁጥር መድረሻ ስለሌለው ግን አይጠቀምበትም። በፖሊሲ ትክክለኛውን አድራሻ ማስጻፍ ይቻላል። እኔ የምመርጠው ግን ለእያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ግንኙነት መክፈት ነው፤ አይፒቪ4 በአይፒቪ4፣ አይፒቪ6 በአይፒቪ6። የግንኙነቱ ብዛት እጥፍ ይሆናል፤ ሆኖም የአይፒቪ6 መስመር ሲቆረጥ የራሱ ግንኙነት አብሮ ስለሚወድቅ ብልሽቱ ወዲያው ይታያል።

ይህ የሚጠቅመው ተጠቃሚው ስለማይጮኽ ነው። ዘመናዊ ብራውዘሮች ሁለቱንም አድራሻ ሞክረው ቀድሞ የመለሰላቸውን ይይዛሉ፤ አይፒቪ6 ቢሞትም ገጹ በአይፒቪ4 ይከፈታል። ስለዚህ የመቆጣጠሪያው ሥርዓት ከእያንዳንዱ ጎረቤት የተቀበላቸውን መንገዶች በየዓይነታቸው እየቆጠረ፣ የአንዱ ቁጥር ወደ ዜሮ ሲወርድ ማስጠንቀቅ አለበት።