በራችሁን ዝጉ፣ ጎረቤታችሁንም እወቁ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይስፈን። የዛሬው ርእሳችን ቤታችንንና ሠፈራችንን ከሌባ ስለመጠበቅ ነው።

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች «ጠባቂው አላህ ነው፤ የተጻፈ አይቀርም» እያሉ በሩን ገርበብ አድርገው ይወጣሉ። ጠባቂው አላህ መሆኑ እርግጥ ነው። በሩን ክፍት መተው ግን ቸልተኝነት እንጂ ተወኩል አይደለም። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ለቆት ይመካ ብሎ መልእክተኛውን (ሰ.ዐ.ወ) ቢጠይቃቸው፣ መጀመሪያ እንዲያስራት ከዚያም በአላህ እንዲመካ ነግረውታል። ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ ሲመሽ የአላህን ስም እየጠራን በሮቻችንን እንድንዘጋ ታዘናል። ልብ በሉ፤ ቢስሚላህ ማለትና በር መዝጋት አብረው ነው የታዘዙት።

የፊቅህ ሊቃውንትም ስለ ስርቆት ሲያስተምሩ «ሒርዝ» የሚሉት ነገር አላቸው። ሒርዝ ማለት ንብረት እንደየዓይነቱ በልማድ የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ ለወርቅ የተቆለፈ ሣጥን፣ ለከብት በረት እንደማለት። አብዛኞቹ ሊቃውንት ንብረቱ ከሒርዙ ካልተወሰደ የስርቆት ሐድ አይፈጸምም ይላሉ። ይህ ማለት ሌባው ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ከወንጀሉም ዳኛው ከሚወስንበት ሌላ ቅጣትም አያመልጥም። ነገር ግን ሸሪዓ ባለንብረቱንም የጥበቃ ድርሻ እንዳለበት ያመለክተናል።

ታዲያ የእኛ ቤት ባዶ የሚሆነው መቼ ነው? በረመዳን ከዒሻ እስከ ተራዊሕ ማብቂያ፣ በጁምዓ ቀትር፣ በዒድ ጠዋት ነው። ይህን ሰዓት እኛ እንደምናውቀው ሌባም ያውቀዋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የሚወጣ ከሆነ መስኮቱ ሳይቀር ይዘጋ፤ ቁልፍ ምንጣፍ ሥር ወይም አሮጌ ጫማ ውስጥ አይቀመጥ። ቁልፍ ከጠፋ ወይም አዲስ ቤት ከተከራያችሁ መቆለፊያውን ለውጡ። ልጆች ቆጣሪ ላነብ መጣሁ ለሚል ለማያውቁት ሰው በር እንዳይከፍቱ አስተምሩ። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የምትጓዙም ዘመድ ቤት እንዲያድርላችሁ አድርጉ፤ የጉዞውን ፎቶ በፌስቡክና በቴሌግራም ለመልቀቅ እስክትመለሱ ብትታገሡ ምን ይጎድልባችኋል?

ይህ ሁሉ ሆኖ ቁልፍ ሌባን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚያስቀረው የጎረቤት ዓይን ነው። ድሮ በአንድ ግቢ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች እንግዳ ሰው ሲገባ «ማንን ፈለግህ?» ይሉ ነበር። ዛሬ በኮንዶሚኒየም በአንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን ስማችንን እንኳ የማንተዋወቅ ብዙ ነን። ሌባ የጎረቤታችንን ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲወርድ ብናየው ቤት የሚለቅ ሰው መስሎን መንገድ እንለቅለታለን።

ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት አደራ ከማብዛቱ የተነሣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) በግ ባሳረዱ ጊዜ ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው መሰጠቱን የጠየቁት ይህንኑ ሐዲስ ይዘው ነው። እንግዲህ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሲያድሩ ቤታቸውን እኛ እንይላቸው፤ እኛ ለተራዊሕ ስንወጣ እነሱ ያዩልናል። ስልክ ቁጥር እንለዋወጥ፤ ለሠፈሩ ጥበቃ የሚዋጣውንም በወቅቱ እንክፈል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ገዢ ባይኖር ሌባ ባልደከመ ነበር። ደረሰኝ የሌለው፣ ዋጋው ከገበያ በእጅጉ የወረደ ስልክ ሲቀርብላችሁ የማን እንደሆነ ጠይቁ። አላህ በሱረቱል ማኢዳ በኃጢአት ላይ እንዳንተባበር አዝዞናል። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛን ሰው ያስቀጣል።

ሁለተኛ፣ ጥንቃቄ ወደ ክፉ ጥርጣሬ አይለወጥ፤ ሱረቱል ሑጁራት ከዚህ ከልክሎናል። ልብሱ ያደፈ ወጣት ሁሉ ሌባ አይደለም። ሌባ ቢያዝ እንኳ ለፖሊስ ማስረከብ እንጂ ተሰብስቦ መደብደብ ሐራም ነው። ንብረት ይተካል፤ በዱላ የጠፋች ነፍስ ግን አትመለስም፤ ምናልባትም የተደበደበው ንጹሕ ሰው ሊሆን ይችላል።

አላህ ቤታችንንና ሠፈራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ጎረቤት ከክፋቱ የሚድንባቸው ሰዎች ያድርገን። ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።