የደን ቃጠሎን ጢስ በሳተላይት መከታተል

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጁን 7 ቀን 2023፣ በካናዳ በኬቤክ ክፍለ ሀገር ከተነሣው የደን ቃጠሎ የወጣው ጢስ ድንበር ተሻግሮ የኒውዮርክን ሰማይ ብርቱካንማ አደረገው። ጎስ-16 የተባለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጉዞውን በየ5 ደቂቃው ያነሣ ነበር።

ጢስ ከደመና የሚለየው እንዴት ነው? ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆኑ የፀሐይን ብርሃን ይበትናሉ፤ ዓይን የማያየው ረዥሙ የኢንፍራሬድ ጨረር ግን አልፏቸው ይሄዳል። ወፍራም ደመና ሁለቱንም ይጋርዳል።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ ብቻውን የጢሱን ከፍታ አይነግረንም። ሽቅብ የወጣ ጢስ ፀሐይን ያደበዝዛል፤ ወደ ምድር የወረደው ግን ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሕዝብን ለማስጠንቀቅ የሳተላይቱ ፎቶግራፍና በምድር ላይ የተተከለው የአየር መለኪያ አብረው ሊነበቡ ይገባል።