ድምፁ ከወዴት መጣ? በመኪና የዕቃ ክፍል ስለሚሸሸገው ሰብዉፈር

አንዲት አነስተኛ መኪና በአጠገባችን ስታልፍ የቤታችንን መስኮት የሚያርገበግብ ወፍራም ድምፅ እንሰማለን። ወደ ውስጧ ብንመለከት ግን በበሮቹ ላይ ካሉት ትንንሽ ስፒከሮች በቀር የሚታይ ነገር የለም። የኋላው የዕቃ ክፍል ቢከፈትም ስኮርታው በቦታው ነው፤ ምንጣፉም አልተነካም። ድምፁን የሚያመነጨው ሰብዉፈር ከኋለኛው ጎማ አጠገብ፣ በጎን ሽፋኑ ውስጥ ተሸሽጓል። ሰዎች ይህን የሚያደርጉት የዕቃ ቦታ ላለማጣት፣ መኪናቸውን ከሌባ ዓይን ለመጠበቅ፣ ወይም ለውበት ብለው ነው። ለመሆኑ ይህን ያህል ጉልበት ያለው ድምፅ እንዴት ሊደበቅ ቻለ? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ እናነሣለን። በተለይም ሥራው እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ሲከናወን የሚያመጣውን ለውጥ እንመለከታለን፤ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ስሌት በአብዛኛው ለባሕር ጠለል አየር የተዘጋጀ ነውና።

ከመኪናዋ የሚረዝም ሞገድ

ድምፅ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የሞገድ ርዝመት የሚገኘው ፍጥነቱን ለድግግሞሹ በማካፈል ስለሆነ፣ የ40 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ 8.6 ሜትር ይሆናል፤ ከመኪናዋ ከራሷ ይረዝማል ማለት ነው። ሁለቱ ጆሮዎቻችን የሚራራቁት ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው፣ የድምፅን አቅጣጫ የምንለየው ሁለቱ ጆሮዎች በሚቀበሉት መጠንና በመድረሻ ጊዜው ልዩነት ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ ጭንቅላታችንን እንደ እንቅፋት ስለማይቆጥረው በሁለቱም ጆሮዎች ላይ እኩል ይደርሳል። ቀሪውን ጥቂት የጊዜ ልዩነት ደግሞ በጠባቡ የመኪና ክፍል ውስጥ ከየግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ ያደበዝዘዋል። በመሆኑም ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ከኋላ ቢመነጭም አድማጩ ከፊት ለፊቱ ከሚሰማው ዜማ ጋር አዋሕዶ ይቀበለዋል።

ሰብዉፈሩ ያለበትን ቦታ የሚያጋልጠው ሌላ ነገር ነው። የሚንቀጠቀጥ ታርጋ ወይም በደንብ ያልታሰረ የፕላስቲክ ሽፋን ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ይህን ደግሞ ጆሮ ወዲያውኑ ይለየዋል። ስለዚህ ከታርጋው በስተኋላ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅ ከብዙ የረቀቀ ማስተካከያ ይልቅ ይጠቅማል።

የመኪናዋ ጠባብነትም ያግዛል። ውስጧ 2.8 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መኪና የ61 ኸርዝን ሞገድ ግማሽ ብቻ ትይዛለች። ድምፁ ከዚያ በታች ሲወርድ በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር በሙሉ በአንድነት ይጨመቃል፣ በአንድነትም ይላላል። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ግፊቱ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር በ12 ዴሲቤል ያድጋል። የታሸገ ሳጥን ድምፅ ደግሞ ከራሱ ድግግሞሽ በታች የሚወርደው በዚሁ መጠን ነው! አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ማለት ነው። እርግጥ በተግባር የበርና የመስኮት ክፍተት፣ የጣሪያውም መለመጥ ከዚህ ይቀንሳሉ። ያም ሆኖ ከረጅም ሚኒባስ ይልቅ ትንሿ መኪና ለወፍራም ድምፅ የተመቸች መሆኗ ብዙዎችን ሳያስገርም አይቀርም።

አየር እንደ ሞላ

ኮን የሚባለው የስፒከሩ ሾጣጣ ገጽ ወደ ፊት ሲገፋ በፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ በጀርባው ያለውን ደግሞ ያላላል። ሁለቱ ከተገናኙ ይጣፋሉ። ሳጥን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቀው ዘዴ ደግሞ ሳጥኑን ከመለያ ግድግዳነት አሳልፎ የታሸገውን አየር እንደ ሞላ ተጠቀመበት። የዚህ ሞላ ጥንካሬ ከአየሩ ግፊት ጋር ቀጥተኛ፣ ከሳጥኑ ይዘት ጋር ደግሞ ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው።

የአገራችን ከፍታ ወደ ስሌቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስሱ አየር የድምፅን ፍጥነት አይለውጥም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነውና ከላይ ያሰላነው የሞገድ ርዝመት እንዳለ ይቆያል። ሞላው ግን ይላላል። ለባሕር ጠለል 20 ሊትር ሳጥን የሚያሻው ባለ 25 ሴንቲ ሜትር ሰብዉፈር በአዲስ አበባ በ15 ሊትር ውስጥ ያንኑ የሞላ ጥንካሬ ያገኛል። መሸሸጊያ ለሚፈልግ ሰው አምስት ሊትር ትልቅ ስጦታ ነው።

ስጦታው ግን ዋጋ አለው። ኮኑ እኩል ርቀት ቢንቀሳቀስም የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ ድምፁ በ2.5 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ይህን ለማካካስ ኮኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል አብልጦ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ በደጋ የምንኖር ሰዎች ሳጥኑን ብናሳንስም ረጅም እንቅስቃሴ የሚችል ስፒከር መምረጥ ይገባናል። ዘወትር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና ከሆነ ደግሞ 17 ወይም 18 ሊትር ላይ መስማማት ይሻላል።

ሳጥኑ ፈጽሞ አየር የማያስገባ ቢሆን ምን ይደርስ ነበር? በአዲስ አበባ የታሸገ ሳጥን ባሕር ጠለል ሲደርስ በውስጥና በውጭ መካከል 25 ኪሎ ፓስካል ያህል የግፊት ልዩነት ይፈጠራል። 330 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ኮን ላይ ይህ 825 ኒውተን፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ነው! ኮኑ የሚተርፈው አየሩ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ ብሎ ስለሚተካከል ብቻ ነው።

እንደ ቶዮታ ቪትዝ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ብዙዎች በመጀመሪያ የሚመኙት የስኮርታውን ጉድጓድ ነው። 55 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ጉድጓድ 35 ሊትር ያህል ይይዛል። ይሁንና በገጠር መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ሙዚቃ አይጠግነውምና ስኮርታውን አውጥቶ መጣልን አንመክርም። የተሻለው የጎን ሽፋኑን አውጥቶ ከኋላው ያለውን ባዶ ቦታ ቅርጽ በፋይበር ግላስ መቅረጽ፣ የፊቱን ገጽ ደግሞ ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ መሥራት ነው። የተጠማዘዘውን ቅርጽ ይዘት በቀመር ማስላት አዳጋች ቢሆንም ሽምብራ ችግሩን ይፈታል፦ በሊትር እየሰፈሩ መሙላት፣ ከዚያም ስፒከሩ ራሱ የሚይዘውን ቦታ መቀነስ።

የማይታየው ሽቦ

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ኤሌክትሪኩ ነው። 300 ዋት የሚሰጥ፣ 80 በመቶ ብቃት ያለው አምፕሊፋየር 375 ዋት ይወስዳል፤ በ13.8 ቮልት ይህ 27 አምፒር ነው። ባትሪው ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ሲሆን አምስት ሜትር ያህል ሽቦ ያስፈልጋል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ብንዘረጋ 0.034 ኦም ያህል ተቃውሞ ስላለው 25 ዋት ሙቀት በምንጣፉ ሥር ይለቀቃል። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን ሙቀቱ ወደ 4 ዋት ይወርዳል።

ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ያለውን ብረት ሲያልፍ ልባሱ ተፍቆ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ፣ ከባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይፈስሳል። ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ያለ ፊውዝ ይህን ፈጽሞ አያየውም፤ ጅረቱ እርሱ ዘንድ ሳይደርስ ተመልሷልና። እሳቱም የሚጀምረው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ስለዚህ የ40 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ መግባት፣ በብረቱ ቀዳዳም ላይ የጎማ ቀለበት መደረግ አለበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እየበረከቱ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ መስመሩ የሚወሰደው ከዚያ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚሸከሙ ፈጽሞ አይነኩም።

አምፕሊፋየሩ ከሚወስደው 375 ዋት ውስጥ 75ቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የደጋው ስስ አየር ሙቀትን የሚወስደው በዝግታ ስለሆነ በምንጣፍ አይጠቀለልም፤ በዙሪያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት፣ በስፒከሩ ፊት ደግሞ የተጫነ ዕቃ ኮኑን እንዳይቀድደው የብረት ወንፊት ይደረግለታል።