ደጋፊው የሚተምናቸው ወጣቶች

በፐርዝ ከተማ የምዕራብ አውስትራሊያን ክፍለ ግዛት ሊግ የሚከታተል ተመልካች ውጤት ብቻ አይቆጥርም። የ18 ዓመት ልጅ ሜዳ ሲገባ «ይህስ ለትልቁ ሊግ ይበቃል? ስንተኛ ይመረጣል?» እያለ ይተምናል። ሥራው ከደላላ ሥራ ብዙም አይርቅም።

ለምን ቢሉ፣ በአውስትራሊያ ሞላላ ኳስ ገንዘብ ያለው ክለብ ሁሉ የፈለገውን ወጣት አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው «ድራፍት» ክለቦች ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ፤ መጨረሻ የወጣው ክለብ ቅድሚያ ያገኛል። ደመወዝም ጣሪያ አለው። በመሆኑም ትርፉ ያለው በመረጃ ላይ ነው፤ ሌላው ያላየውን ያየ ያተርፋል።

የሳውዝ ፍሪማንትሉን ቲም ኬሊን እንውሰድ። ጂሎንግ በ2017 በ24ኛ ተራ ሲወስደው ዕድሜው 23 ደርሶ ነበር። በ2019 ወደ ዌስት ኮስት ሲዛወር ግን 14ኛውንና 24ኛውን ጨምሮ በርካታ የምርጫ ተራዎች ተከፈሉበት። የዚያው ክለብ ልጅ ማርሊዮን ፒኬትም በ27 ዓመቱ፣ በ2019 የውድድር ዘመን አጋማሽ በሪችመንድ ተመርጦ የመጀመሪያ ጨዋታውን በዋንጫው ፍጻሜ አደረገ፤ ዋንጫውንም አነሳ።

ይሁንና የደጋፊ ተመን ጥንቃቄ ይሻል። ደጋፊ የራሱን ክለብ ልጅ ያስወድዳል። ኳስ የነካበትን ጊዜ ቆጥሮ ከማን ጋር እንደተጋጠመ ይረሳል። በወጣት ቡድን 30 ጊዜ የነካ፣ ከአዋቂዎች ጋር ተጋፍቶ 15 ጊዜ ከነካው ላይበልጥ ይችላል።

ልጁ ሲመረጥ ደጋፊው ግምቱ ይሰምርለታል፤ ክለቡ ግን ተጫዋቹን ያጣል።